የማን ወርቅ? ስለ ዘ መንኪስ ለተጻፈው ምላሽ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ላከልኝ። የሚያወራው ዘ መንኪስ ስለተባለው የ1960ዎቹ የአሜሪካ ባንድ ነው። የባንዱን ስም የማያውቅ ሰው እንኳ «አይም ኤ ቢሊቨር» የሚለውን ዘፈን ሳይሰማ አይቀርም። በ2001 «ሽሬክ» ፊልም ላይ ስማሽ ማውዝ የተጫወቱት ማለቴ ነው። መጀመሪያ በ1966 ያወጡት ግን መንኪስ ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ጸሐፊው መጻፍ ይችላሉ፤ ንዴታቸውም ከልብ ነው። ክሳቸው ሲጨመቅ እንዲህ ይላል፦ መንኪስ ባንድ አይደለም፣ ለቴሌቪዥን በማስታወቂያ የተለቀሙ አራት ተዋንያን ናቸው። መሣሪያ የተጫወተላቸው ሌላ፣ ዘፈን የደረሰላቸውም ሌላ። ኋላ በነፍስ ግድያ የታወቀውን ቻርልስ ማንሰንን ሳይቀር የፈተነ ቀልደኛ ምልመላ ነበር። ጂሚ ሄንድሪክስን የሚያህል ጊታሪስት ከመድረካቸው ተባረረ። ፕሮግራሙ ሲቋረጥ እነሱም ተነኑ። ሕዝቡ ግን ተታሎ በ1967 ከቢትልስና ከሮሊንግ ስቶንስ ድምር በላይ ገዛላቸው። ስለዚህ የሮክ ኤንድ ሮል የዝነኞች አዳራሽ በሩን ቢዘጋባቸው ሲያንሳቸው ነው።

አንዳንዱ እውነት ነው፣ አንዳንዱ ግማሽ እውነት፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ተረት።

በማስታወቂያው እንጀምር። በሴፕቴምበር 1965 ቦብ ራፈልሰንና በርት ሽናይደር የሚባሉ ሁለት ፕሮዲዩሰሮች በሆሊውድ ጋዜጦች ላይ ማስታወቂያ አወጡ። ስለ አንድ ያልተሳካለት ባንድ አስቂኝ ተከታታይ ለመሥራት አራት «እብድ» ወጣቶች ይፈልጉ ነበር። ከ400 በላይ ሰው መጣ። ይሄን ማንም ደብቆት አያውቅም። ግን ከአራቱ በማስታወቂያው በኩል የገባው ማይክል ኔስሚዝ ብቻ ነው። ዴቪ ጆንስ ቀድሞውኑ ፕሮግራሙን ከሚሠራው ኩባንያ ጋር ውል ነበረው። ሚኪ ዶሌንዝ በወኪሉ በኩል መጣ። ፒተር ቶርክን የጠቆመው ሙዚቀኛው ስቲቨን ስቲልስ ነው፤ ስቲልስ ራሱ ተፈትኖ አልሆነለትም፣ ጓደኛውን ላከ።

«ተዋንያን» የሚለውም ቢሆን ሁለቱን ብቻ ነው የሚገልጸው። ጆንስ እንግሊዛዊ የመድረክ ልጅ ነው። ብሮድዌይ ላይ «ኦሊቨር!» በተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር ለቶኒ ሽልማት ታጭቷል። ዶሌንዝ በልጅነቱ የቴሌቪዥን ተዋናይ ነበር። ሌሎቹ ሁለቱ ግን ሙዚቀኞች ናቸው። ቶርክ ከኒውዮርኩ ግሪንዊች ቪሌጅ ነው የመጣው፤ ባንጆ፣ ጊታር፣ ቤዝ፣ ፒያኖ፣ የሰጡትን ይጫወታል። ኔስሚዝ ከቴክሳስ የመጣ የዘፈን ደራሲ ነው። ሊንዳ ሮንስታድት ከስቶን ፖኒስ ጋር ሆና በ1967 የታወቀችበትን «ዲፈረንት ድረም» የጻፈው እሱ ነው፣ ያውም መንኪስ ከመባሉ በፊት። (በነገራችን ላይ እናቱ ቤቲ ኔስሚዝ ግራሃም ሊኩዊድ ፔፐር የሚባለውን የታይፕ ስህተት ማጥፊያ የፈለሰፉ ሴት ናቸው። ታይፕ የመታ የቢሮ ሰው ሁሉ ባለውለታቸው ነው።)

አሁን ወደ ዋናው ክስ። «አንዲት ክር ሳይነኩ ከበሩ» ይላሉ ጸሐፊው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት አልበሞች ላይ ክሱ በአብዛኛው ልክ ነው። ሙዚቃውን በበላይነት የያዘው ዶን ከርሽነር ነበር፤ የትኛው ዘፈን እንደሚሸጥ በጆሮው የሚያውቅ የኒውዮርክ ነጋዴ። የመጀመሪያውን አልበም አብዛኛውን ክፍል ያዘጋጁት ቶሚ ቦይስና ቦቢ ሃርት ሲሆኑ መሣሪያውን የተጫወተው የራሳቸው ባንድ ነው። ለሌሎቹ ደግሞ ኋላ ላይ ሬኪንግ ክሩ የተባሉት የሎስ አንጀለስ ስቱዲዮ ተጫዋቾች ነበሩ። አራቱ የመጡት ለመዝፈን ነው። ያኔም ቢሆን ግን ኔስሚዝ የራሱን ዘፈኖች ራሱ እያዘጋጀ ነበር፣ ቶርክንም ጊታር ይዞ እንዲገባ አድርጓል። «አንዲት ክር» የሚለው እዚሁ ላይ ይበጠሳል።

ግን እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ። በዚያ ዘመን ሎስ አንጀለስ ውስጥ በራሱ እጅ የቀረጸው ማን ነበር? በርድስን እንውሰድ። በ1965 አንደኛ የወጣላቸው «ሚስተር ታምቡሪን ማን» ላይ ከባንዱ አባላት መሣሪያ የተጫወተው ሮጀር መጉዊን ብቻ ነው። ድራሙ የሃል ብሌን ነው፣ የሬኪንግ ክሩ ሰው። ቢች ቦይስስ? ተቺዎች ከምርጦቹ ተርታ የሚያስቀምጡት የ1966ቱ «ፔት ሳውንድስ» አልበም አብዛኛው ሙዚቃ የነዚሁ ሰዎች እጅ ነው። ስለ በርድስ «አጭበርባሪ» የሚል ጽሑፍ አንብቤ አላውቅም። እኛ ደግሞ የካሴት ልባስ ላይ ግጥም የእከሌ፣ ዜማ የእከሌ፣ ቅንብር የእከሌ የሚል እያነበብን ያደግን ሰዎች ነን። ዘፋኙን «ኪቦርዱን ለምን ራስህ አልተጫወትክም?» ብሎ የያዘው የለም።

ልዩነቱ ቴሌቪዥኑ ነው። መንኪስ በየሳምንቱ ጊታር ታቅፈው በስክሪን ይታዩ ነበር። ተመልካቹ የሚያየውንና የሚሰማውን አንድ አድርጎ ወሰደው። ይሄን ቅሬታ እረዳለሁ። ግን መጀመሪያ የተቃወመው ማን ነው? ራሳቸው መንኪስ! እዚህ ላይ ነው የጸሐፊው ታሪክ ግማሹን የዘለለው።

ጃንዋሪ 1967። «ሞር ኦፍ ዘ መንኪስ» የተባለው ሁለተኛው አልበም ለገበያ ቀረበ። አራቱ ኮንሰርት ላይ፣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ነበሩ። አልበማቸው መውጣቱን የሰሙት እንደ ማንኛውም ሰው ነው፤ ከሱቅ ተገዝቶ ነው ያዩት። ዘፈኖቹን የመረጠው ከርሽነር፣ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍም የጻፈው ከርሽነር። ኔስሚዝ ጨሰ። ለጋዜጠኞችም መሣሪያ የሚጫወቱት እነሱ እንዳልሆኑ በግልጽ ተናገረ። ልብ በሉ፤ ይሄን «ምስጢር» ጸሐፊው ያገኙት ከባንዱ ከራሱ አፍ ነው ማለት ነው።

ከዚያ የቤቨርሊ ሂልስ ሆቴሉ ስብሰባ መጣ። ከርሽነር ጠቀም ያለ የሮያሊቲ (የሽያጭ ድርሻ) ቼክ ይዞላቸው መጥቷል። ኔስሚዝ ገንዘቡን ሳይሆን ስቱዲዮውን ነው የጠየቀው፤ ካልሆነ እለቃለሁ አለ። ጠበቃው ውሉን እንዲያነብ ሲመክረው ግድግዳውን በቡጢ ነድሎ «ይሄ ፊትህ ሊሆን ይችል ነበር» አለው። ሳምንታት ሳይቆዩ ከርሽነር ያልተፈቀደ ነጠላ ዜማ አወጣና ከሥራው ተባረረ። ያን ጊዜ አልበሙ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ገና አንደኛ ላይ ነበር። «ሞር ኦፍ ዘ መንኪስ» 18 ሳምንት አንደኛ ሆኗል፤ ከመጀመሪያው አልበም 13 ሳምንት ጋር ሲደመር በተከታታይ 31 ሳምንት። እንዲህ የሚያበላ ማሽን ይዞ «እኔ ራሴ ልጫወት» ብሎ የሚጣላ ተቀጣሪ ተዋናይ እስኪ አምጡልኝ።

ከርሽነር ትምህርት ወሰደ። ቀጥሎ የያዘው ዘ አርቺስን ነው፤ ባንዱ የካርቱን ሥዕል ነው። ሥዕል አይከራከርም፣ ግድግዳም አይመታም። «ሹገር፣ ሹገር» በ1969 አንደኛ ወጣ።

መንኪስ ደግሞ ተርትልስ የተባለውን ባንድ ቤዝ ተጫዋች ቺፕ ዳግላስን ፕሮዲዩሰር አድርገው ስቱዲዮ ገቡ። ውጤቱ «ሄድኳርተርስ» ነው፣ ሜይ 1967። ጸሐፊው ይህን አልበም በአንዲት ዐረፍተ ነገር ነው ያለፉት፤ «ለማስመሰል የተሠራ» ብለው። የሰሙት አይመስለኝም። ዶሌንዝ ድራም ላይ ነው፤ መሣሪያውን የተማረው ለፕሮግራሙ ሲባል ነው፣ ከዓመት ትንሽ ቢያልፈው ነው። ኔስሚዝ ጊታርና ፔዳል ስቲል ይዟል። ቶርክ ከፒያኖ ወደ ኦርጋን፣ ከኦርጋን ወደ ባንጆ ይዘላል። ጆንስ ታምቡሪንና ማራካስ። ቤዙ በብዛት የዳግላስ ነው። ከውጭ ሰው የገባው እንደ ቼሎና ፍሬንች ሆርን ያለው ነገር ነው።

ፍጹም ነው? አይደለም። አንዳንድ ቦታ ሲንገዳገዱ ይሰማል። እኔ የምወደውም ለዚያ ነው። «ዚልች» የሚባለውን ስሙት፤ መሣሪያ የለበትም። አራቱ ተራ በተራ ይገባሉ፣ እያንዳንዱ አንድ ትርጉም የለሽ ዐረፍተ ነገር ይዞ ይደጋግማል፣ ድምፃቸው ይደራረባል፣ ይፈጥናል፣ በመጨረሻ ሳቅ ያፈርሰዋል። ቶርክ እዚያ ላይ የሚደጋግመውን «ሚስተር ዶባሊና» የሚል ስም ራፐሩ ዴል ዘ ፈንኪ ሆሞሳፒየን በ1991 ወስዶ ዘፈን ሠርቶበታል። የስቱዲዮ ባለሙያቸውን ሃንክ ቺካሎንም አልረሱትም፤ «ኖ ታይም» የሚለውን ዘፈን በደራሲነት በሱ ስም አስመዘገቡለት፣ ገቢው ለሱ እንዲሆን።

የአልበሙ መዝጊያ ደግሞ የዶሌንዝ ድርሰት ነው፣ «ራንዲ ስካውስ ጊት»። በቲምፓኒ (ትልቅ የኦርኬስትራ ከበሮ) ጉምጉምታ ይጀምራል፤ ቲምፓኒውንም የመታው እሱ ነው። ስንኙ ላይ ዘና ብሎ፣ የካባሬ ዘፋኝ መስሎ ይዘፍናል። አዝማቹ ላይ ይጮኻል። መጨረሻ ላይ ሁለቱን ባንድ ላይ ይለቃቸዋል፣ ልስላሴውና ጩኸቱ እየተጋፉ ይሄዳሉ። ስሙን ከእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሰምቶ ነው ያነሳው። እንግሊዝ አገር ግን ቃሉ ስድብ ነውና የሙዚቃ ኩባንያው «አማራጭ ርዕስ» ስጡን አለ። ዶሌንዝም እሺ ብሎ ዘፈኑን «አማራጭ ርዕስ» አለው! እንግሊዝ ውስጥ በዚሁ ስም ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ። ይሄን የሚያደርግ ሰው አሻንጉሊት አይመስለኝም።

«ሄድኳርተርስ» አሜሪካ ውስጥ አንድ ሳምንት አንደኛ ሆነ። በሳምንቱ የቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐርስ» መጥቶ ቦታውን ወሰደ፤ መንኪስ ከሱ ሥር 11 ሳምንት ሁለተኛ ሆነው ከረሙ። በኖቬምበር 1967 የወጣው ቀጣዩ «ፓይሲስ፣ አኳሪየስ፣ ካፕሪኮርን ኤንድ ጆንስ ሊሚትድ»ም አንደኛ ወጣ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ምርጥ ሥራቸው ይሄ ነው። የስቱዲዮ ተጫዋቾችን እንደገና አስገብተዋል፣ አሁን ግን መራጮቹ እነሱ ናቸው። ሙግ ሲንተሳይዘር የተባለውን ኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያ በፖፕ አልበም ካሰሙት ቀዳሚዎች አንዱም ይኸው ነው። «ዴይሊ ናይትሊ» ላይ ማሽኑን እያንጫጫ ያለው ዶሌንዝ ነው።

መድረክ ላይ ደግሞ ከዲሴምበር 1966 ጀምሮ የሚጫወቱት ራሳቸው ነበሩ። በኦገስት 1967 ሲያትል፣ ፖርትላንድና ስፖኬን ላይ የተቀዳው ኮንሰርት ከ20 ዓመት በኋላ ታትሟል። ጥራት የለውም፤ የልጃገረዶቹ ጩኸት ይውጠዋል። ግን አራት ሰዎች እየተጫወቱ ነው።

«ዘፈኑን ሌላ ሰው ደረሰላቸው» የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። አዎ፤ «አይም ኤ ቢሊቨር» የኒል ዳይመንድ ነው፣ «ፕሌዘንት ቫሊ ሰንዴይ» የጌሪ ጎፊንና የካሮል ኪንግ፣ «ዴይድሪም ቢሊቨር» የጆን ስቱዋርት። ኤልቪስም የሰው ዘፈን ነው የዘፈነው። ሆኖም «ዴይድሪም ቢሊቨር» የሚከፈትበትን፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን የፒያኖ መግቢያ ያመጣው ቶርክ ነው። የኔስሚዝን «ሜሪ፣ ሜሪ» ራን ዲኤምሲ በ1988 በራፕ ተጫውተውታል። የፕሮግራሙ ሁለተኛ ዓመት መዝጊያ ሙዚቃም ቶርክ የጻፈው ነው። ባይጽፉ ኖሮም ክሱ ክስ አይሆንም ነበር።

ወደ ተረቶቹ። ማንሰን ለመንኪስ ተፈትኖ ወደቀ የሚባለው ለወሬ ይጥማል። ችግሩ ምልመላው የተካሄደው በ1965 ነው፤ ማንሰን ያኔ የፌዴራል እስረኛ ነበር፣ የተፈታው በማርች 1967። እስር ቤት ሆኖ እንዴት ይፈተናል?

የሄንድሪክሱ ጉዳይ ትንሽ እግር አለው። በጁላይ 1967 ከመንኪስ በፊት እየወጣ መጫወቱ እውነት ነው። እንዲመጣ የፈለጉትም መንኪስ ናቸው፤ ዶሌንዝና ቶርክ ሞንተሬይ ፌስቲቫል ላይ አይተውት ነበር። ታዳሚው ግን ዴቪን ሊያዩ እናታቸውን አስከትለው የመጡ ሕፃናት ናቸው። ሄንድሪክስ ጊታሩን ሲያስጮኽ እነሱ «ዴቪ! ዴቪ!» ይላሉ። ጥቂት ምሽቶች ታገሰና ኒውዮርክ ፎረስት ሂልስ ላይ በቃኝ ብሎ በሰላም ተለያዩ። «የአሜሪካ አብዮት ሴት ልጆች የተባለው ማኅበር ባለጌ ነው ብሎ አስባረረው» የሚለው ሊሊያን ሮክሰን የተባለች አውስትራሊያዊት ጋዜጠኛ ለቀልድ የፈበረከችው ነው። ቀልዱን እንደ ዜና የተቀበሉት ብዙዎች ናቸው፤ ጸሐፊው ብቻቸውን አይደሉም።

«ፕሮግራሙ ሲቋረጥ ተነኑ» ለሚለው ግማሽ እሺታ እሰጣለሁ። ፕሮግራሙ በማርች 1968 አበቃ። የዚያው ዓመት አልበም አራት ሰዎች በአራት ክፍል ተቀምጠው የሠሩት ይመስላል፤ ኔስሚዝ ወዲህ፣ ጆንስ ወዲያ። «ሄድ» የተባለው ፊልማቸው በኖቬምበር 1968 ወጣና ከሰረ። ቶርክ ለቀቀ፣ ኔስሚዝም በ1970 ተከተለ። በሁለት ሰው የወጣው «ቼንጅስ» ባይወጣም ይሻል ነበር። የ1987ቱን «ፑል ኢት!» ደግሞ ጸሐፊው ባለማንሳታቸው አመሰግናለሁ።

ግን «ሄድ»ን ከራፈልሰን ጋር የጻፈው ማን መሰላችሁ? ተዋናዩ ጃክ ኒኮልሰን። እነ ራፈልሰንና ሽናይደር ከመንኪስ ያገኙትን ገንዘብ ይዘው ነው በ1969 «ኢዚ ራይደር»ን ወደ ማሠራት የሄዱት። የ70ዎቹ አዲሱ የሆሊውድ ሲኒማ አንድ እግሩ የቆመው በዚህ «የልጆች ፕሮግራም» ትርፍ ላይ ነው። ኔስሚዝም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1980 «ፖፕክሊፕስ» የተባለ የሙዚቃ ቪዲዮ ፕሮግራም ጀመረ፣ ኤምቲቪ ከመምጣቱ በፊት። ያው ኤምቲቪ በፌብሩዋሪ 1986 የመንኪስን ክፍሎች በተከታታይ ሲለቅ አሮጌ አልበሞቻቸው ተመልሰው ሰንጠረዥ ውስጥ ገቡ። በ2016 ደግሞ «ጉድ ታይምስ!» ወጣ፤ ፕሮዲዩሰሩ ፋውንቴንስ ኦፍ ዌይን ከተባለው ባንድ የመጣው አዳም ሽሌሲንገር ነው። ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ 14ኛ ደረሰ። ኔስሚዝና ዶሌንዝ የሚዘፍኑትን «ሚ ኤንድ ማግዳሌና» ሰምቶ «ተዋንያን» የሚል ካለ ልከራከረው ዝግጁ ነኝ።

ጆንስ በ2012፣ ቶርክ በ2019 አረፉ። ኔስሚዝ በኖቬምበር 2021 ሎስ አንጀለስ ግሪክ ቲያትር ላይ ከዶሌንዝ ጋር የመጨረሻውን ኮንሰርት ተጫውቶ ወር ሳይሞላው በዲሴምበር ሞተ። ይሄ 55 ዓመት ነው፤ እንዲህ ያለ መትነን የለም።

የዝነኞች አዳራሹን በተመለከተ፣ «የሰው ወርቅ» ካልን ወርቁ የማን እንደሆነ እንቁጠር። ቢች ቦይስ ገብተዋል። በርድስ ገብተዋል። ድራመሩ ሃል ብሌን በ2000 ገብቷል። ጎፊንና ኪንግ ገብተዋል፣ ኒል ዳይመንድም። ዶን ከርሽነር ራሱ በ2012 ገብቷል! ደራሲው፣ ተጫዋቹ፣ ነጋዴው ሁሉ ውስጥ ነው። ውጭ የቀሩት ዘፈኑን የዘፈኑት ናቸው። ጸሐፊው ይሄን ፍትሕ ካሉት ስለ ፍትሕ ያለን አረዳድ ይለያያል።

በመጨረሻ ያቺ ቁጥር። በ1967 መንኪስ ከቢትልስና ከሮሊንግ ስቶንስ ድምር በላይ ሸጡ የምትለው። ጸሐፊው የሕዝቡን መታለል ማሳያ አድርገው ነው ያቀረቧት፤ የባንዱ ወዳጆች ደግሞ በኩራት ይጠቅሷታል። ሁለቱም ወገን ይተዋት። ኔስሚዝ በ1977 ለአንድ ጋዜጠኛ በቃለ መጠይቅ ላይ እዋሽሃለሁ ብሎ አስጠንቅቆት ከኪሱ ያወጣት ፈጠራ ናት። ኋላም በሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ ውስጥ እየሳቀ አምኗል። በዚያ ሁሉ ክስ ውስጥ መንኪስ ጸሐፊውን በእርግጥ ያታለሉበት ቦታ ቢኖር ይቺው ናት።